የአራት አጨዳ ግብር

ሰው ግብሩን በካርቶን ሞልቶ ሲያመጣልኝ ደሜ ይፈላል። ኖይፌልድ ውስጥ፣ ድሮ ፀጉር ቤት በነበረች አንዲት ክፍል ተቀምጬ የሰው የገቢ ግብር መሙላት ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ «ወረቀታችሁን በየዓመቱ ለይታችሁ አምጡ» ብዬ ለጥፌአለሁ። ማን ሰምቶኝ! የካንሳስ ገበሬ ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ ቲሊ ድራይሊንግ መጀመሪያ ትጮኻለች፣ ቀጥላ ትሠራዋለች እያለ ነው። ውሸቱን አይደለም፣ እሠራዋለሁ።

አልማ ዌርዝ ትልቅ ካርቶን በሁለት ክንዷ አቅፋ ስትገባ ግን ከመጮኼ በፊት ደነገጥኩ። ዌርዞች እኔ ዘንድ መጥተው አያውቁም። ባሏ ሌዎ ግብሩን ራሱ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በእርሳስ ነበር የሚሠራው። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ፊት «ቲሊ፣ ለአንቺ ከምከፍል ለአይጥ ባበላው ይሻለኛል» እያለ ሲያበግነኝ ኖሯል።

ሌዎና አልማ የሰው ስንዴ በኮንትራት የሚያጭዱ ናቸው። ሜይ መጨረሻ ላይ ኮምባይነራቸውን ጭነው ኦክላሆማ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ስንዴው እየደረሰ ሲሄድ እነሱም እየተከተሉት አገራችንን ካንሳስን፣ ኔብራስካን፣ ደቡብ ዳኮታን አጭደው ኦገስት ላይ ሞንታና ጫፍ ይደርሳሉ። ለኑሮ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለግብር ግን እርግማን ነው። እያንዳንዱ ግዛት በአፈሬ ላይ ካገኛችሁት ድርሻዬን ወዲህ በሉ ይላል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቅጽ አለው። ደቡብ ዳኮታ ብቻ ምንም አትጠይቅም፣ እግዜር ይባርካት።

«ቲሊ፣ አትቆጪ» አለች አልማ።

«ገና ምን ሰማሁና!»

«አራት ዓመት ነው።»

«ምኑ?»

«ያልተላከው። ሦስቱ ያለፉት ናቸው፣ አንዱ የዘንድሮው። እኔ የላከው መስሎኝ። ለካ ዓይኑ ደክሞ ቁጥሮቹን ማየት አቅቶት፣ ነገ ነገ እያለ ካርቶኑን አልጋ ሥር ሲገፋው ኖሯል። ከመንግሥት የመጣውን ደብዳቤም ሳያነበው ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል።»

«ወይ ጉድ! ሌዎ? ያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚንጎራደደው ሌዎ?»

አልሳቀችም። ካርቶኑን ወንበር ላይ እንዳስቀመጠች ሁለት እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆማለች። የማርች ንፋስ ነው ብዬ ምድጃውን ከፍ አደረግኩላት። እጇን ግን አላወጣችም።

«እንደ ድሮው ሁሉንም በሌዎ ስም ጻፊው። እሱ መጥቶ ይፈርማል። ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላኝ ሄደች።

ሦስት ቀን ስለይ ዋልኩ። የነዳጅ ደረሰኝ፣ የሚዛን ደረሰኝ፣ የጎማ ደረሰኝ፣ ከመሃሉ የደረቀ የስንዴ ዘለላ። ለየግዛቱ ምን ያህል እንደተሠራ ለማካፈል የሚያስፈልገኝ የጋቢና ደብተሩ ነው። በየኮምባይነሩ ጋቢና ውስጥ አንዲት ደብተር አለች፤ ማሽኑን የነዳው ሰው አንድ ማሳ ሲጨርስ ቀኑን፣ የባለማሳውን ስምና ሰዓቱን ይጽፍባታል። ሌላ ሰው አይነካትም፣ ወጉ እንደዚያ ነው። አልማ ሳታየው ይሁን ለጥንቃቄ እንጃ፣ የድሮዎቹንም ጨምራልኝ ነበር። በድሮዎቹ ላይ ያለው የሌዎ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰ ትላልቅ ፊደል። በመጨረሻዎቹ አራት ላይ ያለው ግን የአልማ ነው። ገጽ በገጽ አገላበጥኩ፣ የሌዎ አንድ መስመር የለም። አራት አጨዳ ሙሉ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች።

የመጨረሻዋን ደብተር ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኦክላሆማና ካንሳስ ላይ ፊደሏ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ኔብራስካ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሞንታና ሲደርስ በአጉሊ መነጽር ነው ያነበብኩት።

ካርቶኑ ሥር፣ ከሚዛን ደረሰኞቹ ጋር ተጣብቆ፣ ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ለአልማ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘሁ። መሥራት የማያስችል ሕመም ስላለብኝ የጉዳት ጡረታ ይሰጠኝ ብላ አመልክታ ኖሯል። መልሱ አጭር ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት በስሟ ሃያ ሩብ ዓመት ሥራ ተመዝግቦ መገኘት ነበረበት፤ የተገኘው አራት ብቻ ነው። እነሱም አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሠራችባቸው ናቸው።

ተቀምጬ ደብዳቤውን ደጋግሜ አየሁት። ሌዎ ዕድሜው ደርሶ ትንሽ ጡረታና የመንግሥት ሕክምና አለው። እሷ ገና ሃምሳ ሰባቷ ነው፣ ምንም የላትም። ሠላሳ አራት ዓመት ስንዴ ስትጭን፣ ስታጭድ፣ ለሠራተኛ ስታበስል ኖራ በመንግሥት መዝገብ የቤት እመቤት ነች። የባሰው ደግሞ እኔም በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንቱን ባልና ሚስት እንደዚያ ስጽፍ ኖሬአለሁ! ባል «የእኔ ሥራ ነው» ይላል፣ ሚስት ጎኑ ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ እሞላለሁ። አንዷንም «አንቺስ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይሄንን ኃጢአቴን ለቄስ ተናዝዤውም አላውቅ።

ከዚያ ቀኑን ስቆጥር ብድግ አልኩ። ባልና ሚስት አብረው በያዙት ሥራ የሁለቱም ድርሻ በየስማቸው ሊጻፍ ይችላል። ካልተላኩት አራት ዓመታት ግማሽ ግማሹ በአልማ ስም ቢሞላ በየዓመቱ አራት ሩብ ዓመት ይመዘገብላታል፣ አሥራ ስድስት ማለት ነው። ከአራቷ ጋር ልክ ሃያ፣ አንድም ትርፍ የለውም። ግን በግሉ ለሚሠራ ሰው የቆየ ዓመት የሚቀበሉት ለሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በር ኤፕሪል አሥራ አምስት ላይ ይዘጋል። ያ ከተዘጋ ከድሮዎቹ አራት ጋር ተደምሮ እንኳ አሥራ ስድስት ላይ ትቀራለች፤ አሥራ ስድስት ደግሞ ከዜሮ እኩል ነው። ሌዎ ወጉን ጠብቆ በጊዜው ልኮት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በእሱ ስም ተጽፎ፣ የተጻፈውን ማስፋቅ ሌላ ጦርነት ነበር። በዕድሜዬ ግብር አዘግይቶ ስላመጣ ሰው እግዜርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አርብ ምሽት በጾም ወራት ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል፤ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚበላው። አልማ ጥቅል ጎመን ስታድል አገኘኋት። ጭልፋውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ነይ ውጪ» አልኳት።

«ሰልፉ…»

«ሰልፉ ጎመን ሳይበላ አይሞትም። ነይ!»

መኪናዎቹ መሃል ወሰድኳት።

«ደብዳቤውን አየሁት» አልኳት።

«የት አግኝተሽው?»

«ከሚዛን ደረሰኙ ጋር።»

«እዚያ ነው የገባው? እኔ እኮ ፍራሽ ሳይቀር ገልብጬ ፈልጌዋለሁ።»

«እጅሽን አሳዪኝ አልማ።»

አየችኝና ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የዳቦ ፍርፋሪ የሚያሹ ይመስል ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ።

«ፓርኪንሰን ነው አለኝ ሐኪሙ፣ ኦክቶበር ላይ።»

«ሌዎስ?»

«አያውቅም። የሱ ዓይን መሃሉ ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያየው። ፊቴን ማየት ሲፈልግ ጆሮዬ ላይ ነው የሚያፈጠው። እጄንማ በየት በኩል ያየዋል!» ሳቅ አለች። «ኪሴ ውስጥ ስከተው ደግሞ ጨርሶ።»

«አራት ዓመት አንቺ ነሽ የነዳሽው።»

«ማነው ያለሽ?»

«ደብተሩ።»

መኪናውን ተደገፈች። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ከሾፌሩ ጎን ለተማሪ የተሠራች ትንሽ መቀመጫ አለች፤ ሌዎ አራት አጨዳ እሷ ላይ ነው የተቀመጠው። ወደ ባለማሳው ግቢ ሲቃረቡ ዛፍ ወይ ጉብታ ከለል የሚያደርጋቸው ቦታ ላይ ያቆሙና ቦታ ይለዋወጣሉ። ሌዎ መሪውን ይዞ፣ እሷ ቀስ ብላ «ግራ፣ ግራ፣ ቁም» እያለችው ግቢ ይገባሉ። ገበሬው «ሌዎ፣ እንዴት ነህ የኔ አንበሳ!» እያለ ይቀበለዋል። እንደ ሌባ ነበር የምንሆነው አለችኝ።

«አልማ፣ ስሚኝ። ግማሹ በስምሽ ከተጻፈ ሃያው ይሞላል። ጡረታውም ሕክምናውም ይመጣል። ግን ከኤፕሪል አሥራ አምስት ካለፈ አለቀ።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«እኔ ሠራሁ ብዬ ከጻፍኩ እሱ አልሠራም ማለት ነው። የአባቱ ሥራ ነው፣ የአሎይስ ዌርዝ ልጅ ነው። ዓይኑ ሄደ፣ መሪው ሄደ። የቀረው ስሙ ነው። እሱንም ልውሰድበት? ሠላሳ አራት ዓመት በሌዎ ስም ሠርቻለሁ። ምን ጎደለኝ?»

«ሐኪም ጎደለሽ!» ብዬ ጮኽኩ። በር ላይ የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ። «መድኃኒት ጎደለሽ! አንቺ ሴትዮ፣ ሕመሙ የሌዎን ስም አይቶ የሚተውሽ መሰለሽ?»

«ጎመኑ ይቀዘቅዛል» ብላ ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ደወልኩላት። «ቅጹን በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሞላሁት፣ እኔ ልፈርምበት የምችለውን። ውሸት አልፈርምም። ሁለታችሁም መጥታችሁ ሳነበው ትሰማላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አልኳት። ዛቻ ነበር። ካርቶኑን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ በእግሬ እከተላቸው ነበር።

ኤፕሪል አሥር ቀን ጠዋት መጡ። በመስኮት አየኋቸው። አልማ ፒክአፑን የሁለት መኪና ቦታ ላይ አጋድማ አቆመችው። ሌዎ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ጎን ለጎን መጡ፤ ለማያውቅ ሰው የጫጉላ ሰሞን ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት።

«ቲሊ!» አለ ሌዎ ገና ከበሩ፣ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ። «አሁንም ሰው ታስፈራሪያለሽ?»

«አንተን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ተቀመጥ። ወንበሩ በስተቀኝህ ነው።»

«አየሁት፣ አየሁት» አለና በእግሩ ዳብሶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ዓመት ቅጽ አነሳሁ። «የተሠራው ሥራ፣ ስንዴ ማጨድ። የማን ሥራ ነው?»

«የሌዎ» አለች አልማ ፈጠን ብላ።

«የጠየቅኩት ሌዎን ነው።»

«የእኔ ነዋ» አለ ሌዎ። «የአባቴ የአሎይስ ነበር፣ አሁን የእኔ ነው። ይሄም ይጠየቃል?»

«በነዚህ አራት ዓመታት ኮምባይነሩን የነዳው ማነው?»

«ቲሊ!» አለች አልማ።

«እኔ ነኛ» አለ ሌዎ፣ ድምፁ ግን ወረደ። «ታዲያ ማን ይነዳዋል?»

«ደብተሩ እንደዚያ አይልም።»

«ደብተሩን አልማ ነው የምትጽፈው፣ የእኔ ፊደል አስቀያሚ ስለሆነ።»

እዚህ ላይ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አንተ ራስ ወዳድ ሽማግሌ፣ ሚስትህ ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ ብታውቅ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምስጢሩ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም። ዋጥኩት።

«በቃ፣ በቃ» አለች አልማ። «ሁሉንም የሌዎ አድርገሽ አምጪው፣ እንፈርምና እንሂድ። ብዕሩን ስጪኝ።» ነገሩን ልትጨርሰው ቸኩላ ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ ብዕሩን ያዘች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ብዕሩ ጠረጴዛውን ሲነካ ጠክ ጠክ ጠክ ይል ጀመር። ወዲያው ለቀቀችውና እጇን ልትሰበስብ ስትል ሌዎ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዞረ።

«አልማ፣ እጅሽን አታንሺ» አላት።

እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ ብዕሩም ሥሩ ይንቀጠቀጣል።

«አውቃለሁ እኮ» አለ ሌዎ።

«ምኑን?»

«እጅሽን። ከኮምባይነሩ ፊት ያለው ማጨጃ ነው የነገረኝ። አርባ ዓመት ከላዩ ተቀምጬበታለሁ። የነጂው እጅ የረጋ እንደሆነ መሬት መሬቱን ታክኮ ይሄዳል። ኔብራስካ፣ ሁለተኛው ማሳ ላይ፣ ብድግ ቁጭ ይል ጀመር። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ማታ አንቺ እራት ስትሠሪ ብሎኑን ሁሉ፣ ቱቦውን ሁሉ አንድ በአንድ ዳበስኩት። ምንም የለውም። ማሽኑ ካልሆነ እጅሽ ነው አልኩ።»

አልማ ወደ እሱ ዞረች። «ከኔብራስካ ጀምሮ?»

«ከኔብራስካ ጀምሮ።»

«ከዚያ ወዲያ ሁለት ግዛት አጭጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«በግራ እጄ ቀኝ እጄን ይዤ! አንተ እንዳትሰማ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ! በየማታው ከመኪናው ጀርባ እየሄድኩ አለቅስ ነበር!»

«አውቃለሁ አልማ።»

«አውቃለሁ አትበለኝ!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳውቃት ድምፅዋን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። «ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

ሌዎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ከተናገርኩ ማቆም ነበረብን» አለ። «ካቆምን ደግሞ እኔ ምን ልሆን ነው? እቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልሰማ? ማየት ባልችልም የስንዴው ሽታ ነበር፣ የማሽኑ ድምፅ ነበር። ይሄን አንድ አጨዳ ብቻ አልኩ። አንድ ብቻ። ፈራሁ፣ አልማ። አንቺ እንደምትሰቃዪ እያወቅኩ ፈራሁና ዝም አልኩ።»

እሷ ለእሱ ክብር ብላ ስትደብቅ፣ እሱ ለራሱ ፍርሃት ብሎ አላየሁም ሲል ከረሙ። አንድ ጋቢና ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው! ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉት እውነት ነው፤ ብቻ የሚቀዳው ሁሉ ጥሩ ውኃ አይደለም።

አልማ ለቅሶዋን ስትጨርስ ደብዳቤውን አነበብኩለት። ሃያውን፣ አራቱን፣ አሥራ ስድስቱን፣ አምስት ቀን ብቻ የቀረውን ሁሉ ነገርኩት። በመንግሥት መዝገብ የቤት እመቤት መባሏን ስነግረው «ማነው እንደዚያ ብሎ የጻፈው?» አለ።

«አንተ ነህ። በየዓመቱ፣ በእርሳስ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «ሁሉንም የሷ አድርጊው» አለኝ። «አራቱንም ዓመት። እኔን አውጪኝ።»

«ግማሹ ይበቃታል።»

«የሚበቃትን አልጠየቅኩሽም ቲሊ። እውነቱ የቱ ነው?»

እኔ ከመመለሴ በፊት አልማ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠርጋ ቀደመችኝ። ገና እንደተቆጣች ነው። «ግማሽ ነው» አለች። «ከገበሬዎቹ ጋር በስልክ የተዋዋለው ማነው? ቀበቶው ሲበጠስ ጭድ ውስጥ ተኝቶ በዳበሳ የቀየረው ማነው? ዝናብ መምጣቱን አሽትቶ ያወቀው ማነው? ግማሽ ነው። ከግማሽ አላልፍም፤ ከአሁን ወዲያ ግን ከግማሽ በታችም አልወርድም።»

«እንደዚያ ነው የሞላሁት» አልኳት።

«ታዲያ ምን ታለፊናለሽ! አምጪው።»

የፌደራል መንግሥት ግብር አንድ፣ ካንሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ኔብራስካ፣ ሞንታና። በየዓመቱ አምስት፣ አራት ዓመት፣ ሃያ ቅጽ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። መጀመሪያ ሌዎን አስፈረምኩት። መስመሩ ሥር ማስመሪያ አድርጌ ጣቱን አስነካሁት፤ ሃያውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

አልማ ብዕሩን ስታነሳ ለእጇ አዘንኩና «ሌላም መንገድ አለ፣ ውክልና ሰጥተሽው ሌዎ ይፈርምልሻል» አልኳት።

«ሌዎ?» አለች። «ስሜን እስከ ዛሬ በሌዎ እጅ አይደል ያጣሁት? ሁሉንም ራሴ እፈርማለሁ። እሱም ቁጭ ብሎ ይስማ።»

ጀመረች። በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ብዕሩ ወረቀቱን ያንኳኳል፣ ይንሸራተታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አልማ የሚለው ብቻ አንድ ደቂቃ ፈጀ። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ፣ ስልኬ ጮኸ፣ አላነሳሁትም። ሌዎ ጆሮውን ወደ ብዕሩ አዘንብሎ እንደተቀመጠ ነው። አምስተኛው ላይ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ።

«ልትጨርስ ነው?» አለኝ ሌዎ በሹክሹክታ።

«አጠገብህ ናት፣ ራስዋን ጠይቃት» አልኩት።

አልጠየቃትም። አሥረኛው ላይ ውኃ አመጣሁላት፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ማንም አልጠረገውም። እኔ ገጹን እያገላበጥኩ የግዛቱን ስም ብቻ እጠራለሁ። አንዱ ዓመት አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ ሦስተኛው አለቀ። የመጨረሻው ዓመት ላይ የመንግሥቱን፣ ካንሳስን፣ ኦክላሆማን ፈረመች። ቀጣዩን ገጽ ልጠራ አፌን ስከፍት በእጇ አቆመችኝ።

«ሌዎ» አለች።

«አቤት።»

«ይሄኛው ኔብራስካ ነው።»

ሌዎ ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አስኬዶ፣ የፈሰሰውን ውኃ አልፎ፣ የእሷን ክንድ ከመንካቱ በፊት አቆመው። አልማ አየችው። አልገፋችውም፣ አልያዘችውምም። ጎንበስ ብላ ፊደል በፊደል ስሟን ጻፈች፣ ከሌሎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ እሱም እስክትጨርስ እየሰማ ጠበቀ። ከዚያ ሞንታና ብቻ ቀረ።